ጠቆር ያለችው ነጥብ

እርሳሴን በምላጭ ቀርጬ፣
ለሚያነክሰው ጠረጴዛ ካርቶን ወሽቄ፣ ተቀምጬ፣
መዝገቤን ገለጥኩ። ብላንታየር። ሰኔ። ስድስተኛው ጨዋታ፣ የመጨረሻው።
ሦስት ለሁለት እየመራን ነው።
እኔ ግን የማንም ወገን አይደለሁም፤
ልቤን ጠዋት በር ላይ ትቼው መጣሁ፣ ማታ ስመለስ አነሣዋለሁ።
የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የሆነውን እጽፋለሁ።

እንግዶቹ ከቴቴ ናቸው፤ በዞብዌ ኬላ በኩል፣
ሌሊቱን በሚኒባስ፣ ጉልበት ከጉልበት ተቆላልፎ፣
የዱላው ከረጢት እንደ ታማሚ ዘመድ በትከሻቸው ተደግፎ።
የራስ ቁር ለሁለቱም ቡድን ሦስት ብቻ ነው ያለን፤
ተራ ሲለወጥ ቁሩም ይለወጣል፣
የኛዋ ላብ ሳይደርቅ በነሱዋ ግንባር ይወርዳል።

ወርዋሪያቸው ፌሊዝሚና ትባላለች።
ገበያ ውስጥ ቲማቲም ትሸጣለች።
ስትቆጣ ፖርቱጋልኛ ነው፣ ስትቀልድ ኒያንጃ።
እነሱ ኒያንጃ ይሉታል፣ እኛ ቺቼዋ፤
ስድቡ አንድ ነው።
ድንበሩን ያሰመሩት ሰዎች ምላስ አልታያቸውም መሰለኝ።

የጨዋታውን ሕግ የጻፉ፣ የሞቱ፣ የሩቅ አገር ወንዶች
ስድስት ኳስ ተወርውሮ አንድም ሩጫ ካልተገኘ
ያንን ዙር «ልጃገረድ» ብለው ሰየሙት።
ትናንት ፌሊዝሚና፣ የሁለት ልጆች እናት፣
ሦስት ልጃገረድ ወረወረች።
ጽፌ ቀና ስል
ዳኛዋ አፏን በኮፍያዋ ጋርዳ ትስቃለች።

ደግሞ ይህም አለ፦
ኳስ ተወርውሮ ምንም ሳይሆን ሲቀር
መዝገቡ ላይ ነጥብ ይደረጋል።
ነጥብ ያልተገኘበት ነው ነጥብ የሚደረግበት፤
ባዶ እጁን የተመለሰ ነው እዚህ ምልክት የሚቀርለት።
ለተማሪዎቼ ብነግራቸው ትክክል አይደለም ይሉኛል።

ከሰዓት በኋላ ቺፔሮኒ ወረደ፤
ዝናብ አይሉት፣ ጉም አይሉት።
ስሙን የሰጠው ተራራ ከማዶ ነው፣ በነሱ ምድር፤
እዚያ ተጠንስሶ እዚህ ይወርዳል፣ ኬላ ላይ ማንም አይጠይቀውም።
ፌሊዝሚና መዳፏን ዘርግታ፣
«ተከትሎኝ መጣ» አለች፣ «እኔ ግን አልጠራሁትም።»

ኳሱ ሳሙና ሆነ።
ማንጎው ስር የቆሙ ልጆች ሹራባቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።
አራት ሩጫ ይጎድለናል፤ ሦስት ኳስ ቀርቷል።
የምትመታው ዚዮኔ ናት፣ የዞምባ አዋላጅ፤
ሌሊት ሁለት ወንድ አንዲት ሴት ተቀብላ
በጠዋቱ አውቶቡስ የደረሰች፣ ዓይኗ ቀልቶ።
ዱላዋን መሬት ላይ መታ መታ አደረገች።

ፌሊዝሚና ሮጠች።
ኳሱ ነጠረ፣ ሾለከ፣ በዱላና በእግር መካከል አለፈ፣
የመሃሉን እንጨት ነካ።
ሰማሁት፤ ጥፍር ብርጭቆ ሲነካ ያህል።
ከላይ የተጋደመችው ቁራጭ ብድግ አለች፣
አየችን፣
ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች።

ቁራጯ ካልወደቀች መቺዋ አልወጣችም። ሕግ ነው።
ፌሊዝሚና እጆቿን ወደ ሰማይ አንሥታ ነበር፣ እዚያው ቀሩ።
የኛ ሴቶች እንኳ አልጮኹም።
ዳኛዋ አጎንብሳ አየቻት፤ እርጥበት ጠጥታ አብጣለች፣ ጎድጓዷ ውስጥ ተሰንቅራለች።
ወደኔ ዞራ ምንም ምልክት አልሰጠችም።
ምንም ማለት፣ ነጥብ ነው።

ቀጣዩን ዚዮኔ ቀዝፋ መታችው፤ ገመዱን ዘለለ። አራት።
ጻፍኩ፦ ማላዊ አሸነፈች፤ በሦስት ዊኬት፣ አንድ ኳስ ሲቀር።
ልጆቹ ሜዳውን ወረሩት።
ዚዮኔ ግን ቁሯን አውልቃ ወደ ፌሊዝሚና ሄደች፣ ቁሩን ሰጠቻት፣
ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጨዋታው አልቋል።
ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣
ፖርቱጋልኛ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ይህን መዝገብ የሚከፍት ሰው
ነጥቦቹን ያያል፣ እንደ ተልባ የተበተኑትን፣
ሁሉም አንድ ናቸው ይላል።
ያቺን ሳደርጋት ግን እጄ ከብዶ ነበር፣
እርሳሴ ወረቀቱን በሳው፤
ገልጦ ቢያይ፣ በሰባተኛው ገጽ፣
ማንም ባልተጫወተበት፣ የማንም ስም ባልሰፈረበት፣
አንዲት ጠባሳ አለች።